የቼርኖቢልን ሰነድ ያሳተምኩበት የደሴ ኮፒ ቤት

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ሥራዬ ቦይለር ነው። 23 ዓመት እሳትና እንፋሎት ስጠብቅ ቆይቼ አሁን አዳዲስ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ልጆቹ ትምህርቱን ከኮሌጅ ይዘው ይመጣሉ። ይዘው የማይመጡት አንድ ነገር ነው። ማሽን ሲበላሽ፣ ሰው ከመውቀስ በፊት ማሽኑን ፈትቶ ማየት። እሱን ለማስተማር እ.ኤ.አ. በ1986 ዩክሬን ውስጥ ከፈነዳው የኒውክሌር ጣቢያ፣ ከቼርኖቢል የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ችግሩ ሰነዱ ያለው ስልኬ ላይ ነው። ኢንሳግ-7 ይባላል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪ ቡድን ስለ አደጋው እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ሪፖርት ነው። ከመቶ ገጽ በላይ ነው። ሠንጠረዥ አለው፣ ግራፍ አለው፣ የግርጌ ማስታወሻው ጤፍ ያክላል። እሱን በስልክ እያሰፉ እያጠበቡ ማንበብ ዓይን ይጨርሳል። ከሱ ሌላ ስለ ፍንዳታው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ነበረኝ። እኔ ራሴ ለልጆቹ ብዬ በእጄ የጻፍኩት 14 ገጽ አማርኛም ነበር። ሁሉም ወረቀት ላይ መውጣት ነበረበት።

መጀመሪያ እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ቤት ሰጠሁ። ስሙን አልጠራም። ግራፉ ሁሉ ጠቁሮ ወጣ። መሀል ላይ ገጾች ተገልብጠዋል። ሁለት ገጽ ደግሞ ጭራሽ የለም። ስነግራቸው «ፋይሉ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» አሉኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ደሴው ነገረኝ።

ሐረጎን በሚኒባስ ወጥቼ ፒያሳ ወረድኩ። ጠዋት ስለነበር ጦሳ ጉም ለብሷል። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው ብርዱ አጥንት ይገባል። ኮፒ ቤቱ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ ነው። በሩ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ጥራዝ» ነው የሚለው፣ ሌላ ስም የለውም። ሁለት ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ባለቤቷ አንዲት ረጋ ያለች ሴት ናት። አንዲት ታይፒስት ልጅ አለች። 12ኛ ክፍል የሚማር የባለቤቷ ታናሽ ወንድም ደግሞ ከትምህርት መልስ ያግዛቸዋል።

የመጀመሪያው ጥሩ ነገር ይሄ ነው። ባለቤቷ ፋይሉን ከፍታ ወዲያው «ፕሪንት» አላለችም። ከላይ እስከ ታች ገጽ ገጹን ተመለከተችው። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄ ሰነድ በስካነር የተነሳ ነው። ጥላውን ሳላጠፋ ባወጣው ግራፉ ይጠቁርብዎታል» አለችኝ። ሦስት ገጽ ሞክራ አሳየችኝ። አንዱ ደብዛዛ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ልክ። ልኩን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ሁሉንም በሱ አወጣችው። ለሙከራዎቹ ገንዘብ አልተቀበለችኝም። «አብሽር፣ እሱ የኛ ሥራ ነው» አለችኝ።

ጽሕፈቱን ለታይፒስቷ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ልወስድ ስሄድ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ልጅቷ አንዱን ገጽ ለብቻው አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተሳስተው መሰለኝ። ዘንጎቹ ሲወርዱ ኃይሉ ቀነሰ ማለትዎ ነው አይደል? ጨመረ ብለው ነው የጻፉት። ለማረም ፈርቼ ተውኩት።»

«አልተሳሳትኩም ልጄ። ጨመረ ነው።»

«ፍሬን ተረግጦ መኪና ይፈጥናል እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። በዓለም ላይ ያሉ የፊዚክስ ሰዎች ስንት ዓመት የተከራከሩበትን ነገር ይህች ልጅ ስትተይብ ያዘችው። ብዙ ታይፒስት ጣቱ ነው የሚያነበው። እሷ ዓይኗም ልቧም እዚያ ነበር። በራሷ አስተካክላ «ቀነሰ» ብትለው ኖሮ 14 ገጼ በሙሉ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ወረፋ አልነበረም። ኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ ማስመሪያ አስቀመጥኩ። «ይሄ ሰባት ሴንቲ ሪአክተሩ ነው፣ አቶም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚሰጥበት ምድጃ፤ እውነተኛው ቁመቱ ሰባት ሜትር ነው» አልኳት። ከጠረጴዛዋ ላይ ተቀርጾ ተቀርጾ ያለቀ እርሳስ አነሳሁ። ስንለካው አራት ሴንቲ ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የእርሳስ ጥቁሩ ራሱ ግራፋይት ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

የቼርኖቢሉ ዓይነት ሪአክተር፣ አርቢኤምኬ የሚባለው፣ መቆጣጠሪያ ዘንጉ ሁለት ክፍል አለው። የላይኛው ቦሮን ነው። ቦሮን ኒውትሮን ይበላል፤ ኒውትሮን አቶሙን እየሰነጠቀ እሳቱን የሚያስቀጥለው ቅንጣት ነው። ፍሬኑ እሱ ነው። ከሱ ሥር ደግሞ 4.5 ሜትር የግራፋይት ዘንግ ተንጠልጥሏል። ቦሮኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲወጣ ግራፋይቱ የሪአክተሩ መሀል ላይ ይቆማል። ከላይ 1.25 ሜትር፣ ከታች 1.25 ሜትር ውሃ ይቀራል። እርሳሱን ማስመሪያው መሀል ላይ አጋደምኩት። ከግራም ከቀኝም የቀረውን ቦታ በጣቷ ለካችው።

በዚህ ሪአክተር ውስጥ ውሃ ሁለት ሥራ አለው። ያቀዘቅዛል፤ ኒውትሮንም ይበላል። ግራፋይት ግን አይበላም። እንዲያውም ኒውትሮኑን አዘግይቶ ለሥራ ያመቻቸዋል። አሁን ዘንጉ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መጀመሪያ ምን ይሆናል? እርሳሱን በማስመሪያው ላይ ገፋሁት። ቦሮኑ ገና ከላይ እየገባ ነው። ታች ያለውን ውሃ ግን ግራፋይቱ ገፍቶ ቦታውን ያዘ። ኒውትሮን በሊታው ከታች ጠፋ። የታችኛው ክፍል ተቀጣጠለ።

«ፍሬኑ ነዳጅ ይሰጣል ማለት ነው» አለች።

አዎ። ለጥቂት ሰከንድ። ዘንጉ እስከ ታች ለመውረድ ደግሞ 18 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ያ ረጅም ጊዜ ነው። በቦይለር ሥራ 18 ሰከንድ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አውቃለሁ።

ልጅቷ ያንን ሥዕል በኮምፒውተር ሠራችው። ሦስት ዘንግ ጎን ለጎን። አንደኛው ወጥቶ ያለ፣ ሁለተኛው መውረድ የጀመረ፣ ሦስተኛው የገባ። በኤ3 አውጥታ ላሚኔት አደረገችው። ዛሬ ከቦይለራችን አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰነዱ ውስጥ ካለው ሥዕል የሷ ይገባል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

አንድ ነገር ላክል። ይህ የዘንጉ ጠባይ ከአደጋው በፊት የማይታወቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሊትዌኒያ ውስጥ ተመሳሳይ ሪአክተር ያለው ኢግናሊና የሚባለው ጣቢያ ሲጀመር ታይቷል። የነደፉት ሰዎች ያውቁታል። በአደጋው ሌሊት የማጥፊያውን ቁልፍ የሚጫነው ሰው ግን እንዲያውቀው አልተደረገም። ይህ ለኔ ከሁሉም የሚከብደው ነው።

ለምን እንደሚከብደኝ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ወጣት ሆኜ በምሠራበት አንድ ቦታ፣ በሌሊት ፈረቃ ቦይለሩ ውሃ ጎድሎበት ቱቦ ተቃጠለ። እኔ ነበርኩ ተረኛ። የውሃ መጠን የሚያሳየው መስታወት ሙሉ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከግማሽ በላይ። ማንም አላመነኝም። «ተኝቶ ነው» ተባለ። ደሞዜ ተቆረጠ። ፈረቃዬም ተቀየረ። ከሦስት ወር በኋላ ለጥገና ሲፈታ የመስታወቱ የታችኛው ቧንቧ በዝቃጭ ተደፍኖ ተገኘ። ከላይ የገባው እንፋሎት መስታወቱ ውስጥ እየቀዘቀዘ ውሃ ይሆናል። ውሃው መውጫ የለውም። ስለዚህ ቦይለሩ ባዶ እየሆነ መስታወቱ ሙሉ ያሳያል። ያን ጊዜም ይቅርታ ያለኝ የለም።

በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ በሚባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1979 የደረሰው ለዚህ ይቀርባል። ጠቋሚው ውሃ ሞልቷል ይላል፤ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ውሃው እያለቀ ነበር። ሠራተኞቹ ጠቋሚውን አመኑ።

ወደ ሰነዱ ልመለስ። ከአደጋው አራት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 1986 እ.ኤ.አ.፣ ሶቪየቶች ቪየና ላይ ማብራሪያ ሰጡ። የቡድኑ መሪ ቫለሪ ሌጋሶቭ ነበር። የዚያን ጊዜው ማብራሪያ ክብደቱን የጣለው ሠራተኞቹ ላይ ነው። መመሪያ ጣሱ፣ መከላከያ አጠፉ ተባለ። የኤጀንሲው ቡድን የመጀመሪያ ሪፖርት፣ ኢንሳግ-1፣ ያንን ተከተለ። በማግሥቱ ዓመት ምክትል ዋና መሐንዲሱ አናቶሊ ዲያትሎቭ 10 ዓመት ተፈረደበት። የፈረቃው ኃላፊ አኪሞቭና ሪአክተሩን ይይዝ የነበረው ቶፕቱኖቭ ግን ፍርድ ቤት አልደረሱም። በጨረራ ግንቦት ወር ላይ ሞተዋል። ቶፕቱኖቭ 25 ዓመቱ ነበር። እኔ የማሠለጥናቸው ልጆች ዕድሜ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒኮላይ ሽታይንበርግ የሚመራው የሶቪየት ኮሚሽን ነገሩን እንደገና ፈተሸው። ኢንሳግ-7 የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ሰነድ የምወድለት ምክንያት አለ። አንድ ቡድን የራሱን የቀድሞ ቃል መልሶ አንሥቶ፣ ይህ ትክክል አልነበረም ይላል። በዝቅተኛ ኃይል መሥራት ተከልክሎ ነበር ተብሎ ነበር፤ በወቅቱ እንዲህ ያለ ክልከላ አልነበረም። ተዘግቷል የተባለው አንዱ መከላከያም በዚያ ሁኔታ እንዲዘጋ መመሪያው ይፈቅድ ነበር። ዋናው ሸክም ወደ ንድፉ ዞረ። ወደ ዘንጉ፣ ወደ ውሃውና እንፋሎቱ ጠባይ፣ መረጃውም ለሠራተኞቹ አለመድረሱ ላይ።

ሠራተኞቹን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላደረገም። ይህም መባል አለበት። ከ211 ዘንግ ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል ወጥቶ ነበር። ሪአክተሩ ውስጥ መቅረት የነበረበት ዝቅተኛው መጠን የ15 ዘንግ ያህል ነው። በኋላ ሲሰላ 8 ያህል ብቻ ነበር። ግን እሱንም ቢሆን ተረኛው ፊቱ ባለ ጌጅ ላይ አያየውም። ኮምፒውተሩ አስልቶ እስኪያወጣ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ጌጅ በሌለበት ነገር ሰው ሲከሰስ ደሜ ይፈላል።

ሌላ ጊዜ ስሄድ መብራት ጠፋ። ደሴን የሚያውቅ ይህ አይገርመውም። ማሽኑ የኔን ገጽ ግማሽ ጎርሶ ቆመ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልብ ብዬ ስሰማ የማሽኑ ፋን ገና እየዞረ ነበር። ቩ... እያለ ቀስ በቀስ ሞተ። ልጁ እየሮጠ ወጥቶ ጀነሬተሩን ገመዱን ሳበ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ተነሣ። ሰዓቴን አይቻለሁ። አንድ ደቂቃ ሞልቶ አለፈ።

«ያን ሌሊት ሊሞክሩት የነበረው ይሄንን ነው» አልኩት ልጁን።

ሪአክተር ቢጠፋም ይግላል። ውሃ መገፋት አለበት። መብራት ከውጭ ቢቋረጥ ፓምፑን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ዲዝል ጀነሬተር አለ። ግን እሱም ተነሥቶ ሙሉ ጭነት እስኪይዝ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። በዚያች ደቂቃ ትልቁ ተርባይን እንፋሎት ቢዘጋበትም በራሱ ግፊት መዞሩን ይቀጥላል። እንደ ማሽኑ ፋን። ያ ትርፍ ዙር ፓምፖቹን ሊያቆያቸው ይችላል ወይ? ሙከራው ይኸው ነበር። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ለደኅንነት የታሰበ ነው።

ሙከራው ቀን ሊደረግ ታቅዶ ነበር። የኪየቭ መብራት ተቆጣጣሪ ኃይል እፈልጋለሁ ብሎ እስከ ማታ አዘገየው። በዚያ መሀል ሪአክተሩ ውስጥ ዜኖን የሚባል ኒውትሮን በሊታ ጋዝ ተከማቸ። ተዘጋጅቶ የዋለው ፈረቃ ሄዶ የሌሊቱ ገባ። ኃይሉ ወርዶ 30 ሜጋ ዋት ደረሰ። ሙሉ ኃይሉ 3200 ነው። ለሙከራው የታሰበው ቢያንስ 700 ነበር። እንደምንም ዘንግ እያወጡ 200 ላይ አቆሙት። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 26 ቀን 1986፣ በነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 1:23:04 ላይ የተርባይኑን እንፋሎት ዘጉ። 1:23:40 ላይ ኤዜ-5 የሚባለው የማጥፊያ ቁልፍ ተጫነ። መሀሉ 36 ሰከንድ ነው። ልጁ ጀነሬተሩን ለማስነሣት ከፈጀበት ያነሰ።

ዘንጉ ነው የተባለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰፋል። አንዳንዶቹ፣ ዘንጉ ብቻውን በቂ ነው ይላሉ። ሌሎች፣ የለም፣ ውሃውም አለበት ይላሉ። ተርባይኑ ሲዘገይ በሱ የሚሠሩት ፓምፖች ዘገዩ። የሚገባው ውሃ ሊፈላ ትንሽ ነበር የቀረው። ትንሽ ሙቀት ሲጨመር ብዙ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ ኒውትሮን አይበላም። ስለዚህ ብዙ እንፋሎት ማለት ብዙ ኃይል፣ ብዙ ኃይል ማለት ደግሞ ብዙ እንፋሎት ነው።

ልጆቼ ይህ ቶሎ የሚገባቸው በቦይለር ቋንቋ ሲነገራቸው ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላሉ። ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94 ነው። ደሴ ከፍ ስለሚል ወደ 92 ይወርዳል። ግፊት ሲቀንስ መፍያው ይቀንሳል። በሪአክተሩ ውስጥ ግፊቱ 70 ከባቢ አየር ገደማ ነው፤ መፍያው 284 ዲግሪ አካባቢ። ውሃው እዚያ ጫፍ ላይ ከቆመ፣ ፓምፑ ራሱ ውስጥ አረፋ ሊፈጠር ይችላል የሚሉ ነበሩ። ቦይለሩን ውሃ የሚመግበው ፊድ ፓምፕ በትኩስ ውሃ ሲያንገራግር የሰማ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ድንጋይ የሚፈጭ ነው የሚመስለው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የሚልም መላ ምት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጥቶ ነበር። ከጣቢያው በስተምዕራብ ያሉ መሣሪያዎች በዚያች ሰዓት ትንሽ ንዝረት መዝግበዋል በሚል። እኔ አይዋጥልኝም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴ እንዴት እንደፈረሰች ሲወራ ነው ያደግነው። ያንን የሚያህል ነገር ቢሆን የሚያወራው መሣሪያ ብቻ አይሆንም ነበር። ፍንዳታው ራሱ መሬት ይንጣል፤ የቱ ቀደመ የሚለው ደግሞ የሰዓቶች ልዩነት ጉዳይ ነው።

ከሁሉም እንቅልፍ የሚነሣኝ ጥያቄ ግን ቁልፉ ነው። ለምን ተጫኑት? ኃይል ሲያሻቅብ አይተው ደንግጠው ነው? ወይስ ሙከራው አልቋልና ይጥፋ ብለው በሰላም? ዲያትሎቭ እስከ ዕለተ ሞቱ ሁለተኛውን ነው የተናገረው። ምንም የማስጠንቀቂያ ምልክት አልነበረም አለ። ኢንሳግ-7 ምክንያቱ ሊረጋገጥ አልቻለም ይላል። ሁለቱ መልሶች ሁለት ዓለም ናቸው። ደንግጠው ከሆነ አደጋው ቀድሞ ጀምሯል ማለት ነው። በሰላም ከሆነ አደጋውን የጀመረው ማጥፊያው ራሱ ነው። በጽሑፌ ውስጥ ከዚህ ጥያቄ ሥር ግማሽ ገጽ ባዶ ትቼ ነበር። ልጆቹ የራሳቸውን ይጻፉበት ብዬ። ባለቤቷ ስልክ ደውላ «ጋሼ፣ ይሄ ባዶ በስህተት ነው ወይስ ፈልገውት?» ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀት ለመቆጠብ ሳትጠይቅ አጥብባ ብታልፈው ማን ያውቅባታል?

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የ2017ቱ ጥናት ባለቀለም ካርታና ግራፍ አለው። የመጀመሪያ ጊዜ በጥቁርና ነጭ ወጣ። የነፋሱ መስመሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። የጥናቱ ነፍስ ያለው ደግሞ እነዚያ መስመሮች ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ያን ሌሊት የሰሙ ሰዎች በሰከንዶች ልዩነት ሁለት ፍንዳታ ነው የሚሉት። ከሺህ ቶን በላይ የሚመዝነው የሪአክተሩ ክዳን ተነሥቶ ተገልብጧል። ለብዙ ዓመት በስፋት የሚነገረው፣ መጀመሪያ የእንፋሎት ፍንዳታ፣ ቀጥሎ ደግሞ ምናልባት ሃይድሮጅን የሚል ነው። የጋለ ዚርኮኒየም ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ይወጣል። ኮንስታንቲን ቼቼሮቭ የሚባለው፣ ፍርስራሹ ውስጥ በተደጋጋሚ የገባው ፊዚሲስት፣ አልተቀበለውም። የኒውክሌር ፍንዳታ ነው አለ። የሪአክተሩን ጉድጓድ ባዶ ነው ያገኘሁት፣ ነዳጁ በአብዛኛው ተበትኖ ወጥቷል ብሎ ተከራከረ። ይፋ ግምቱ ግን የወጣው 3.5 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚል ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድናዊው ላርስ-ኤሪክ ዴ ዬርና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ይዘው መጡ። ከሞስኮ በስተሰሜን 370 ኪሎ ሜትር ርቃ ቼሬፖቬትስ የምትባል ከተማ አለች። ከአደጋው በኋላ እዚያ አየር ውስጥ ዜኖን ተለክቶ ነበር። ዋናው ደመና ግን ወደ ስካንዲኔቪያ ነበር የሄደው። ታዲያ ይህ በየት መጣ? እነሱ የሚሉት፣ የመጀመሪያው ፍንዳታ ከሪአክተሩ ግርጌ ጥቂት ቱቦዎች ውስጥ የተነሣ የኒውክሌር ፍንዳታ ነበር ነው። ቁሱን ወደ 3 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወረወረው፤ እዚያ ያለው ነፋስ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። የእንፋሎቱ ፍንዳታ የመጣው ከሱ ቀጥሎ ነው። ይህ ማለት እንደ ሂሮሺማ ቦምብ ማለት አይደለም። ኃይሉ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሁሉም አልተቀበለውም። እኔ ግን ነፋስን ምስክር አድርጎ የሚያቀርብ ክርክር አከብራለሁ። በዚህ ላይ የታችኛው ወለል በአንድ ጎኑ ቀልጦ መገኘቱ አብሮ ቀርቧል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በግራጫ ቀለም ሲወጣ የቱ ነፋስ የቱ እንደሆነ አይለይም። ለባለቤቷ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም። ባለቀለም ማሽን እነሱ ጋ የለም። ሦስቱን ገጽ ሌላ ቦታ አሠርታ፣ በራሷ ጥራዝ ውስጥ በየቦታቸው አስገብታ አስረከበችኝ። የጨመርኩት የቀለሙን ብቻ ነው። ግን ሁለት ቀን አዘገየኝ፤ ሐረጎን አንድ ጊዜ በከንቱ ወጥቼ ወርጃለሁ። ቀድማ «የቀለም ማሽን የለንም» ብትለኝ ይሻል ነበር።

ሌላው ፍላሽ ነው። የኔ ፍላሽ ከነሱ ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞ ተመለሰ። ፋይላችሁን በቴሌግራም ላኩላቸው፤ ፍላሽ አትስጡ። ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን አትሂዱ። ተማሪው አግዳሚውን ሞልቶ በር ላይ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ገጽ በገጽ የማየት ጊዜ የላቸውም።

ጥራዙ ጠንካራ ነው። ቦይለር ክፍል ውስጥ፣ ሙቀትና እርጥበት ባለበት፣ ሁለት ወር ቆይቶ አንድ ገጽ አልተነቀለም። ላሚኔቱ ጥግ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ገብታበታለች። በሙቀቱ ትንሽ ሰፋች እንጂ ሥዕሉ ጋ አልደረሰችም።

የከፈልኩትን ልንገራችሁ። ጥቁርና ነጭ በገጽ 5 ብር፤ መቶ ሲያልፍ 4 አደረገችልኝ። የአማርኛ ጽሕፈት በገጽ 30 ብር፤ አንድም የፊደል ስህተት አላገኘሁም። ስፓይራል 80፣ ላሚኔት ኤ3 100። ለሥዕሉ ልጅቷ ዋጋ አልጠራችም፤ 200 ሰጠኋት። ኮምቦልቻ ከከፈልኩት ይበልጣል። ኮምቦልቻ የተሰጠኝን ግን አንድም ቀን አላነበብኩትም።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ናቸው። አርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፤ ከሰዓት ከስምንት በኋላ ሂዱ።

ባለፈው ወንድሟ ለራሱ አንድ ቅጂ ማውጣት እንደሚፈልግ ጠይቆኝ ፈቀድኩለት። ማክሰኞ ለሌላ ቅጂ እወጣለሁ፤ አዲስ ሁለት ልጆች ተቀጥረውልኛል። ሦስቱን ባለቀለም ገጽ አስቀድማ እንድታሠራልኝ ከወዲሁ በቴሌግራም ልኬላታለሁ።